አርባ ሁለት እርጥብ በሮች

ሰውዬውን መጀመሪያ ያየችው እንጨት መሸጫው ደጅ ቆሞ አንድ መኪና ሙሉ ጣውላ ሊያስጭን ሲል ነው። ሻጩ ጣውላውን ያሞግሳል፤ ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እሷ ለአባቷ ሁለት ሳንቃ ልትመርጥ ነበር የመጣችው፤ የሰው ግዢ አይመለከታትም። ግን አንድ ክፉ አመል አለባት፤ እርጥብ እንጨት ደረቅ ነው ተብሎ ሲሸጥ ዝም ብሎ ማየት አይሆንላትም።

«ይቅርታ፣ ይሄ ጣውላ ገና ውኃውን አልጨረሰም» አለች።

ሻጩ በዓይኑ ሊበላት ደረሰ። ሰውዬው ግን ዞር ብሎ፣ «በምን አወቅሽ?» አላት። የምር ነበር የጠየቃት። ጣውላውን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን አሰማችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የእርጥበት መለኪያ አወጣችና ሁለቱን መርፌዎች መሀሉ ላይ ወጋች። ሰውዬው ቁጥሩን አየ። ቁጥሩን ትቶ እሷን አየ፤ ትንሽም ቆየ። ወዲያው ራሱን ገዛና በር የሚያመርት ድርጅት እንዳለው፣ የማድረቂያ ክፍሉን የሚይዝለት ሰው ካጣ ስድስት ወር እንደሆነው ነገራት።

«አባባን ላማክር» አለች።

አባቷ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስለ ሰውዬው አጠያይቀው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ጸሎተኛ ነጋዴ ነው አሉኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ጸሎት ምን ክፋት አለው?»

«ጸሎትማ ምን ክፋት አለው። የእኔም ሸሪክ ምሳውን ሳይባርክ አይበላም ነበር። በጸሎት ጀምሮኝ በፍርድ ቤት ጨረሰኝ። ሂጂ፣ ሥራ ሥራ ነው። ልብሽን ግን እቤት ትተሽ ሂጂ።»

ልቧን እቤት ትታ ሄደች።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ ሠላሳዎቹ ሠራተኞች መጋዙ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አለቃው፣ ሠራተኛው በፍቅርም በተንኮልም «ሰባኪው» የሚለው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ሦስት መስመር ያነባል። ስሙ ነው እንጂ አይሰብክም። «ይሄ ቃል እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ በየት በኩል ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። የፈለገ ይመልሳል፣ ያልፈለገ ጥፍሩን ያጸዳል፤ ማንም አይገደድም። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለችው፣ እሷ ሳትጠየቅ ማሽን አይነሳም።

«ባለፈው ሳምንት የበደልኩት ሰው አለ?»

አዲሷ ሠራተኛ በሆዷ ሳቀች። ጥሩ ቲያትር ነው፣ አለች። አለቃውን ሰው ፊት «በድለኸኛል» የሚል ሠራተኛ የት ይገኛል?

በአራተኛው ሰኞ የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን አወጣች። ሐሙስ ዕለት እንግዶች ፊት «ወለሉን ለምን አላደረቅሽም» ብሎ እንደጮኸባት፣ የሚያፈሰው ግን ጣሪያው እንደነበር ተናገረች። ሰባኪው አንገቱን ደፋ። ምክንያት አልደረደረም።

«የጮኽኩብሽ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅሽ ሰው ፊት ነው» አላት፤ ጠየቃትም። ከሰዓት በኋላ መሰላል አቁሞ ጣሪያውን ራሱ ሲደፍን ታየ።

ልብ እቤት ትተውት የሚመጡት ዕቃ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት።

እሷንም ሠራተኛው «ሐኪሟ» የሚል ስም አወጣላት፤ ጣውላውን ሁሉ እንደ በሽተኛ መርፌ እየወጋች ስለምትውል ነው። ሰባኪው ደግሞ ማድረቂያ ክፍሉን ማዘውተር አበዛ። አንድ ቀን ቁጥር ሊጠይቅ ይመጣል፤ በማግስቱ የጠየቀውን ቁጥር ረስቶ ይመጣል። ሲገባ በሩን ወለል አድርጎ ይተወዋል፤ «ሙቀቱ ይወጣል» ብትለውም አይዘጋውም። ፎርማኑ፣ ጸጉሩ በዕድሜ ይሁን በሰጋቱራ የነጣ የማይታወቅ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን አላስችል ቢለው «ኧረ እዚያ ክፍል መድኃኒት ይታደላል እንዴ?» አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻውን ዙር ጣውላ ስትለካ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ቁጥር አልጠየቀም።

«ከእንጨት ሌላ ምን ደስ ይልሻል?»

«ምነው፣ እንጨት አይበቃም?»

«ለእኔስ አልበቃኝም።»

ቀና ብትል ጉድ ሊፈላ ነው። አላለችም። መለኪያውን ይዛ ከጣውላ ጣውላ ተሯሯጠች፤ ቶሎ ቶሎ ትወጋለች፣ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች። እሱ ዝም ብሎ ቆሟል። ያ ዝምታ እንዴት ጣፋጭ እንደነበር ለማንም አልተናገረችም። ያን ቀን የለካችው ግን የጣውላዎቹን ጫፍ እንጂ መሀላቸውን አልነበረም። የጣውላ ጫፍ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሆዱ ውኃውን ይዞ ይቆያል። ይህንን ገና ልጅ ሳለች ከአባቷ ተምራዋለች።

ጉዱን ያወቀችው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያው ዙር የተረፈ ቁራጭ መስኮት ሥር ጎብጦ አገኘችው። መለኪያዋን አውጥታ መሀሉን ወጋች። እርጥብ ነው። ከዚያ ጣውላ የተሠሩት አርባ ሁለት በሮች ቫርኒሽ ተቀብተው፣ እንደ ሙሽራ አምረው ቆመዋል፤ ሐሙስ ይጫናሉ። የሚሄዱት ወደ አዲስ ሆስፒታል ነው፤ ድርጅቱ ከተመሠረተ ወዲህ ይህን የሚያህል ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይጣመማሉ፤ ነርስ ስትገፋቸው አይከፈቱም፣ በሽተኛ ሲተኛ አይዘጉም። ያኔ ሁሉም የሚያመካኘው በሕንፃው እርጥበት ነው። የሚያውቅባት ሰው አይኖርም።

እራት ላይ ለአባቷ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

«ዝም በይ» አሏት። «አለቃ ጥፋት ሲሰማ አለቃ ነው። መዝሙሩን ያቆምና የስንብት ደብዳቤ ይጽፍልሻል።»

የፈራችው ሥራዋን ማጣት ብቻ አልነበረም። ዝም ካለች፣ ሰኞ «የበደልኩት ሰው አለ?» ሲል ዓይኑን ማየት አትችልም። ከተናገረች ደግሞ አባቷ ያሉት እውነት ሊሆን ነው፤ እሱም እንደማንኛውም አለቃ ሆኖ ሊገኝ ነው። ይሄኛው ይበልጥ አስፈራት።

ጠዋት ቢሮው ገባች። ሰላምታ እንኳ ረስታለች።

«በሮቹ አልደረቁም። የመጨረሻው ዙር፣ አርባ ሁለቱም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የለካሁት ጫፉን ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንቺ? ጫፉን?»

«ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።»

የት እንደነበር አልጠየቃትም። ሁለቱም ወለሉን አዩ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«እዚህ ቤት ላለ ሰው ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጥሩ። ጥፋት መጀመሪያ በሁለት ሰው መካከል ነው የሚነገረው፤ እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አንድም በር አይጫንም። የሆስፒታሉን ግንባታ ለምትመራው ኢንጂነር እኔ እነግራታለሁ።»

አልጮኸም፤ ደብዳቤም አልጻፈም። ወጥታ ከጣውላ ክምር ጀርባ ቆማ አለቀሰች፤ ደስታዋ ይሁን እፍረቷ ለራሷም አልለየላትም።

እፎይታዋ ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ፎርማኑ እያዘገመ መጣ።

«ሰውዬው ኢንጂነሯን በስልክ ምን እንዳላት ሰማሽ? ሠራተኞቼን አጣድፌ የማድረቂያውን ቀን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ አላት። መቼ ነው ያሳጠረው? እሱ እኮ እንጨቱ ይረፍ፣ ጊዜ ስጡት እያለ የሚነዘንዘን ሰው ነው! አሁን ወደ እሷ ሄዷል።»

ሽርጧን ሳታወልቅ ታክሲ ያዘች።

የኢንጂነሯ ቢሮ አዲሱ ሆስፒታል ሥር የቆመ የብረት ኮንቴይነር ነው። ኢንጂነሯ ግንበኞች ድምፅዋን ሲሰሙ ሲጋራቸውን የሚረግጡላት፣ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ሰባኪው ፊቷ ቆሟል።

«የማድረቂያውን ቀን ማንም አላሳጠረም» አለች ሐኪሟ ከደጅ ሆና፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ጣውላው ደርቋል ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በትክክል ሳልለካ።»

«እባክሽን...» አለ ሰባኪው።

«እውነቱ ይሄ ነው።»

ኢንጂነሯ መነጽሯን አውልቃ ሁለቱንም አየቻቸው። «በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሰው በጥፋት ሲገፋፋ እንጂ ሲሻማ አይቼ አላውቅም። ዕቃዬ አይረባም ብሎ በእግሩ የመጣልኝ ነጋዴም የለም፤ ሁልጊዜ ደርሼ የምይዛቸው እኔ ነኝ። ቢሆንም ስለ እውነታችሁ ብዬ ሆስፒታሉ የሚከፈትበትን ቀን አልገፋም። ሃያ ቀን ሰጥቻችኋለሁ። አርባ ሁለት ደረቅ በር ካልመጣ ሥራውን በሙሉ ለሌላ እሰጣለሁ። በሉ አሁን ውጡልኝ፤ የተኳረፈ ባልና ሚስት ነው የምትመስሉት።»

ውጪ፣ የአሸዋው ክምር አጠገብ ሐኪሟ ፈነዳች። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ትለው የነበረውን ሰው «አንተ» ስትለው አልታወቃትም።

«ማን ዋሽልኝ አለህ? አዎ ያላችሁት አዎ ይሁን የምትለን አንተ አይደለህም?»

«የቤቴ ጥፋት የእኔ ጥፋት ነው። አለቃ የሆንኩት ለዚህ ነው።»

«ጥፋት መሸከም ሌላ፣ ያልሆነ ነገር ማውራት ሌላ! እውነቱን ንገረኝ። ጫፉን የለካው ፎርማኑ ቢሆን ኖሮ ትዋሽለት ነበር?»

አንድ የጭነት መኪና አሸዋውን ደፍቶ፣ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«አልዋሽለትም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስሙን አላነሳም ነበር፣ ግን አልዋሽለትም። ለአንቺ ስል ነው።»

ንዴቷ ከየት መጥቶ የት እንደገባ ጠፋት። «እኔም ጫፉን የለካሁት» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «አንተ አጠገቤ ስለቆምክ ነው።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ጎን ለጎን ወደ ታክሲ ተራው ሄዱ። ትከሻቸው እንኳ አልተነካካም፤ ሁለቱም ግን ከመንገዱ ምንም አላዩም።

ሃያ ቀን በሮቹን በሌላ ደረቅ ጣውላ እንደ አዲስ ለሚሠራ ሰው ጠባብ ነው። ሰባኪው ሽርጥ አጥልቆ ከሠራተኛው እኩል ይልግ ጀመር። ሐኪሟ እያንዳንዱን ጣውላ ሦስት ቦታ ትወጋለች፤ ወግታም ለሌላ ሰው ታስወጋለች። ቅዳሜ ሲመሽ ፎርማኑ «ነገም እንግባ፤ ፈጣሪ ጉዳያችንን ያውቃል» አለ።

«አንገባም» አለ ሰባኪው። «የምናርፈው ጊዜ ሲተርፈን ብቻ ከሆነ፣ በማን ነው የታመንነው? ሂዱ፣ ልጆቻችሁን እዩ።»

የሐኪሟ አባት ይህን ሲሰሙ «ወይ ግብዝ ነው፣ ወይ ሞኝ ነው» አሉና በገዛ ዓይናቸው ሊያዩት ሰኞ ጠዋት ልጃቸውን ተከትለው መጡ። ከደጁ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ሰባኪው ያን ጠዋት መጽሐፉን አልገለጠም።

«ዛሬ የበደልኩት ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁ» አለ። «ለደንበኛ ዋሽቻለሁ። አንዲት ሠራተኛ እንዳትነካ ብዬ ነው። ከእናንተ ለሌላው አላደርገውም ነበር፤ አድልቻለሁ። እናንተን በድያለሁ። እሷንም በድያታለሁ፤ እውነቷን ይዛ ለመጣች ሰው ውሸት ሰጠኋት። ይቅር በሉኝ።»

ሐኪሟ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅር ብለናል። ለማን እንደምታደላ ግን እዚህ ቤት ያላወቀ መጋዙ ብቻ ነው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አባቷ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

«ትርፍ መላጊያ አላችሁ?» አሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አርባ ሁለቱም በሮች ተገጠሙ። ኢንጂነሯ ከወለል ወለል እየዞረች አንድ በአንድ ከፈተች፣ ዘጋች። የመጨረሻውን በአንድ ጣት ገፋችው፤ ያለ ድምፅ ሄዶ ልክክ አለ።

«የሚቀጥለው ሕንፃዬ መቶ ሰማንያ በር አለው» አለች። «ለሌላ ሰው አላሳየውም።»

ሠራተኞቹ ኮሪደሩ ላይ እየተቃቀፉ ጮኹ፤ ፎርማኑ ኢንጂነሯን ሊያቅፍ ብሎ በጊዜ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ሰባኪው ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ወደ ማድረቂያው መምጣቱን ጭራሽ ተወ። ሐኪሟ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ቢሮው ድረስ ሄደች።

«ምን ሆነሃል?»

«ደሞዝሽ ከእኔ እጅ እየወጣ እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?» አለ። «እንቢ ለማለት ትፈሪያለሽ። እሺ ብትዪም ሰው ለሥራዋ ስትል ነው ይልሻል። ይሄ ወንበር የተሰጠኝ ላገለግልበት ነው፤ ሚስት ላገኝበት አይደለም።»

«ሚስት!» አለች። ሲደነግጥ አየችውና እየሳቀች ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሥራዋን ለቃለች። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ መጋዘን ከአባቷ ጋር ተከራይታለች፤ ለከተማው በር ሠሪ ሁሉ እንጨት ልታደርቅ ነው። እሷን የሚተካ ሰውም አሠልጥናለታለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ደሞዜ በእጅህ አይደለም» አለችው። «ከፈለግህ ደንበኛዬ ሁን። ዋጋ ግን አልቀንስልህም።»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሽርጡን ሳያወልቅ መንገዱን ተሻገረ፤ እሷ ከኋላው። አባቷ መጋዘኑ ውስጥ መደርደሪያ ይመታሉ። ከወዲያ ማዶ ማሽኑ ሁሉ ጠፍቶ፣ ሠላሳው ሠራተኛ መስኮት ላይ ተለጥፏል።

«አባባ፣ ልጅዎን ማግባት እፈልጋለሁ» አለ።

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ጸሎተኛ ነጋዴ ስፈራ ኖሬአለሁ» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት ልጄ ጥፋቷን ልትነግርህ ስትወጣ ከፍርሃቷ የተነሳ ቁርሷን እንኳ አልቀመሰችም ነበር። ማታ የተመለሰችልኝ ግን ሌላ ሰው ናት። ከዚያ ወዲህ ስትፈራ አይቻት አላውቅም፤ ኢንጂነሯን አትፈራ፣ አንተን አትፈራ፣ እኔንማ ተወው። እኔ ለልጄ ሀብታም ተመኝቼላት አላውቅም። የማትፈራው ሰው ነው የተመኘሁላት።» ከእጅጌያቸው ላይ ሰጋቱራ አራገፉ። «የእኔ ፈቃድ ይሄው። መልሱ ግን የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቅ።»

ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አዎ» አለች።

«ገና አልጠየቅኩሽም እኮ!»

«ጠይቅ እንግዲያ። እኔ መልሼ ጨርሻለሁ።»

እጁን ያዘችው። በመጋዝ የሻከረ፣ ሞቅ ያለ እጅ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ የነበረውም የእሱ እጅ ነው፣ የእሷ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ጭብጨባና ፉጨት ተነሳ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዶሻቸውን አነሱ፤ ሚስማሩን ግን ሁለት ጊዜ ሳቱት።