የተቸነከረው መጽሐፍ

ፕሮፌሰር ቶርስተን ሃለንቦርግ በሕግ ፋኩልቲው አዳራሽ፣ የዶክትሬት ተማሪዎች የመመረቂያ መጽሐፋቸውን በሚቸነክሩበት ሰሌዳ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። አናቱን የመታው መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። ከበላዩ አንድ አዲስ መጽሐፍ ተቸንክሯል፤ የተማሪው የቱቫ ብሩንየልም መጽሐፍ።

ተማሪ ጥናቷን ከመከላከሏ በፊት መጽሐፏን በገዛ እጇ ትቸነክራለች፤ ወዳጅ ዘመድ ያጨበጭባል፤ ኬክ ይቆረሳል። የሌላ ሰው መጽሐፍ የሚቸነክር የለም። ስለዚህ እነዚያ የማስረጃ ሕግ አስተማሪዎች ቱቫን ለመኮነን ቁርስ እንኳ እስኪበሉ አልታገሡም።

መርማሪ ጉንቮር ኤክ በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች ገባች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለቻት ዲኗ ራግንሂልድ። «ትናንት ከቶርስተን ጋር ስትጨቃጨቅ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። መጽሐፉ ታትሞ ከመጣ በኋላ ‹ርዕሱ አልጣመኝም› ብሏት።»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«ዲን ማንበብ ከጀመረ ማን ይፈርማል?»

ቱቫ ከሰሜን በባቡር ከመጣችው እናቷ ጎን ተቀምጣለች። ውጭ የፖሊስ መኪና ይጠብቃታል።

«ዛሬ እናቴ ባለችበት ልቸነክር ነበር» አለች። «ሳጥኑን ማተሚያ ቤቱ እንዳሸገው ክፍሌ ትቼው ሄድኩ። ጠዋት ተቀድዶ አገኘሁት።»

«ክፍልሽን አትቆልፊም?»

«እዚህ ቤት የሚሰረቀው ሐሳብ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ዘንድሮ እጨርሳለሁ› ስትለኝ ጠበቅኩ» አለች እናቷ። «አሁን እስር ቤት ልጠይቃት ነው?»

ጡረተኛው ፕሮፌሰር ፎልከ አልግሬን በመስኮቱ በኩል እያየ ሳቀ። «ቶርስተን የፕሮፌሰርነት ወንበሩን ለሲክስተን ሞርነር ስንት ዓመት ሙሉ ቃል ሲገባለት ኖረ። ትናንት ምሳ ላይ ‹ለቱቫ ነው› አለ። ምስኪኑ ሲክስተን ሾርባው በረደበት።»

ጉንቮር ሁሉንም ሻይ ክፍል ሰበሰበችና፣ ከተቀደደው ሳጥን የተረፉትን ቅጂዎች አደለች። «ለጊዜው ማሳለፊያ» አለች።

ርዕሱን ያየ የለም። ራግንሂልድ በቀጥታ መጨረሻው ላይ ወዳለው የተጠቀሱ ሰዎች ስም ማውጫ ሄደች፤ ጣቷን ቁልቁል ነዳችና ፈገግ አለች። ፎልከ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ሦስት ቦታ ብቻ?» ሲል አጉረመረመ። ተባባሪ ፕሮፌሰር ሲክስተን ግን መጽሐፉን ሳይገልጥ የቡና ስኒውን አሳረፈበት።

«አንተስ ሲክስተን፣ ስምህን አትፈልግም?»

«ምን ልፈልግ? አንድም ቦታ የለሁበትም።»

ጉንቮር ወደ ቱቫ ዞረች። «ጽሑፉን ለእሱ አሳይተሽው ታውቂያለሽ?»

«በፍጹም። ከቶርስተን በቀር ያነበበው የለም።»

«ሳጥኑ ትናንት ታሽጎ ነበር» አለች ጉንቮር። «ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ እኛ ዘንድ ነው። ከዚህ ሰዓት በፊት የተገለጠው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ የተቸነከረው። ማውጫው ላይ፣ ሞርነር የሚል ስም ሊገኝበት በሚገባው ገጽ፣ ደም የነካ ጓንት የተወው እድፍ አለ። ቱቫ በገዛ መጽሐፏ ማን እንዳለና እንደሌለ ለማወቅ ማውጫ አያስፈልጋትም። የራግንሂልድና የፎልከ ስም ሌላ ገጽ ላይ ነው።»

ሲክስተን ስኒውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ወንበሩን የነሳህን ገደልክ። ወንበሩን የወሰደችብህ እንድትታሰር መጽሐፏን ቸነከርክ። ቸንክረህ ብትሄድ ኖሮ እኔም ባመንኩህ። አንተ ግን ሬሳ እግርህ ሥር ተዘርግቶ፣ ቆመህ ስምህን ፈለግክ።»

ማንም አልተገረመም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሊቅ ሁሉ እሱም ቢሆን እንደዚያው ያደርግ እንደነበር ያውቃል። ራግንሂልድ ጣቷን ከገጿ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሲክስተን በሩ ላይ ቆመ። «ቱቫ፣ አንዲት የግርጌ ማስታወሻ እንኳ ትበዛብኝ ነበር?»

«የጻፍከውን ሁሉ አንብቤዋለሁ» አለችው። «ለዚህ ነው የተውኩህ።»

እናቷ ከቤት ይዛው የመጣችውን መዶሻ ከቦርሳዋ አወጣች።