በተራራው ጎጆ ደጃፍ የሰማሁት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ውሃ ልጠጣ ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ጥላ አለፈ፣ የሞተ ሰው ተጣራ ሲሉኝ «ደክሟችሁ ነው፣ ሂዱና ተኙ» እያልኩ የምቀልድ፣ እመኑኝ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አምናለሁ ለማለት አፌ አይደፍርም፣ ብቻ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው እስራኤል አገር፣ ሰጉላ የሚባል የፋብሪካ ሰፈር፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነው። አለቃዬ ሽሎሞ ወደ ሰሜን፣ ገሊላ ተራራ ላይ የእንጨት ጎጆ አለችው፣ ያን ክረምት አውሎ ነፋሱ እየተመላለሰ የጣሪያዋን ግማሽ ገንጥሎ በሯን አጣሞባት ነበርና «አራት ቀን ይበቃሃል፣ ያላ፣ ተነስ!» ብሎ መኪናውን ሰጥቶ ላከኝ። ድካሜን አታንሱት፣ ቀን ሰጉላ፣ ማታ ደግሞ ልቡ ደክሞ አልጋ የያዘውን አባቴን ማስታመም፣ ከእህቴ ከስንዱ ጋር እየተፈራረቅን ሦስት ወር ሆኖናል፣ ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ የሚወስደኝ ጊዜ ነበር።

ልሄድ ስል አባቴ ጠራኝ። ክፋር አቭራሃም ሰፈር ያለው ቤታችን መስኮቱ ፊት ለፊት ሕንፃ ስለቆመበት ፀሐይ የምትደርሰን አርፍዳ ነው።

«ልጄ፣ ፀሐይ ከተራራ ጀርባ ስትወጣ ካየሁ ስንት ዘመኔ! እዚህ የምትወጣው ከጎረቤት ሰገነት ነው» አለኝ፣ «እስቲ በዚያች ካሜራህ አንስተህ አምጣልኝ።»

እሺ አልኩት። አዲስ የገዛኋት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነበረችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮ ስለቅም፣ የበሰበሰ እንጨት ስነቅል መሸ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወገቤን ይዤ ተነሳሁና ከጎጆዋ በላይ ያለ ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ፀሐይዋ እስክትወጣ ጠበቅኋት፣ ወጣች፣ አነሳኋት፣ እውነቴን ነው ድካሜ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ጠፋልኝ። ታዲያ ስወርድ ከጎጆዋ ወዲያ ማዶ ሳል ሰማሁ። ሳል ስላችሁ የጉንፋን ሳል አይደለም፣ የኛ ሽማግሌ ሰው ቤት ሲደርስ መምጣቱን ለማሳወቅ ጉሮሮውን የሚጠርጋት ነገር አለች አይደል፣ እሷን። ቀጥሎ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ።

በአማርኛ! ገሊላ ተራራ ላይ! ዞሬ ሮጥኩ፣ ማንም የለም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ያለው የኔ ጫማ ዱካ ብቻ ነው። «ደክሞህ ነው» አልኩት ራሴን፣ ሰው ላይ ስቀልድበት የኖርኩትን። ማታ ስልክ ወደሚሠራበት ቋጥኝ ወጥቼ ደወልኩ፣ አባቴን አነጋገርኩት፣ ድምፁ ደህና ነበር።

በሁለተኛው ንጋት ገና ጫማዬን ሳጠልቅ ነው የሰማሁት። ከበሩ ውጪ፣ በጣም ቅርብ፣ የዱላ ጫፍ መሬት ሲነካ፣ ከዚያ ሹክሹክታ።

«ተነስቷል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው እንቆይ። ፀሐይ ትውጣለት።»

ጫማዬን ግማሽ እንዳጠለቅኩ ቀረሁ። ለምን እንደሆነ የኛ ሰው የሆናችሁ አውቃችሁታል፣ በንጋት ተሰብስቦ መጥቶ ደጅ ቆሞ «ተነስቷል ወይ» የሚል ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ መርዶ ነጋሪ ነው። የመጣልኝ አባቴ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ነኝ፣ ምስማር ሲመታ የሚውል እጄ ግን መወርወሪያውን መክፈት አቃተው፣ ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ አልሞተም ብዬ በሩን በትከሻዬ ደግፌ ተቀመጥኩ። ብርሃኑ በተገነጠለው ጣሪያ እስኪገባ ድረስ አልተነሳሁም። ስከፍት ማንም የለም፣ ዱካም የለም።

ወደ ቋጥኙ ሮጬ ደወልኩ፣ ስንዱ አነሳች።

«አባዬስ?»

«ተኝቷል፣ ሀኮል በሰደር፣ ሁሉም ደህና ነው።»

«ቀስቅሺውና ልስማው።»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ አሁን ነው ያሸለበው፣ ተወው በናትህ!»

እንግዲህ ይቺን ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ለሥራ ኤላት ነበርኩ፣ ይህችው ስንዱ ሁለት ቀን ሙሉ በስልክ «ተኝታለች፣ ሀኮል በሰደር» እያለች አቆየችኝ፣ በሦስተኛው ንጋት ሽማግሌዎች መጥተው ሲያረዱኝ እናቴ ተቀብራለች። አልፈርድባትም፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ወጋችን ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ደህና ነው ሲሉኝ ሆዴ አያምንም። መዶሻውን ጣሪያው ላይ እንደተውኩት የሽሎሞን መኪና አስነሳሁ።

መንገድ ላይ ሽሎሞ ደውሎ ስለ ጣሪያው ጮኸብኝ፣ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ሰፈር ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ደጃችን ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ እንደሆነ ነው። የለም። ደረጃውን ወጣሁ። አባቴ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ብርቱካን እየበላ ነው! እግሩ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ስንዱ «ተኝቷል አልኩህ እኮ!» እያለች ሳቀችብኝ።

ላረጋጋቸው ብዬ ካሜራዬን አውጥቼ ፎቶዋን አሳየሁት። አባቴ የካሜራዋን ትንሽ መስታወት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ደስ ብሎት ሲያይ ቆየና ጣቱን አሳረፈበት።

«እነዚህ ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«የትኞቹ?»

«ነጭ የለበሱት። ከፀሐይዋ በታች የቆሙት።»

አየሁ፣ ስንዱም አየች፣ ተራራና ፀሐይ እንጂ ሌላ የለም። ያን ጊዜ መደበቅ አልቻልኩም፣ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። አልገረመውም።

«ከፈትክላቸው?»

«አልከፈትኩም።»

«አንተ ዘንድ የመጡት የኔን ሞት ሊነግሩህ ነበር» አለ በዝግታ፣ «እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ። መርዶ ይዞ የወጣ ሰው ግን ሳይነግር ቤቱ አይገባም። መክፈት ነበረብህ፣ ልጄ።»

ይህን ብሎ ካሜራዋን መለሰልኝ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ፣ ወደ እሱ ዞረው ቢመጡስ የማንን ሞት ሊነግሩት ነው? ያሉት ልጆች እኔና ስንዱ ብቻ ነን።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልጋ ላይ የዋለው ሰውዬ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ብንለምነው ብንቆጣው «ማንም ሲጣራ እናንተ እንዳትከፍቱ» ይለናል። ሐኪሙ ጉልበቱ ተመልሷል ብሎ ተደሰተ፣ እኛም እንደ ሐኪሙ ለመደሰት ሞከርን።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ በዝቶ የሌሊት ፈረቃ አድሬ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። አባቴ ወንበሩ ላይ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ገና ሳልገባ ተነስቶ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ በሕይወት መኖሬን እንደሚያረጋግጥ ሰው ግንባሬን፣ ጉንጬን ሲዳብሰኝ ቆየ።

«ማን መጥቶ ነው በሩ የተከፈተው?» አልኩት።

«ማንም አልመጣም። ሁሉም ደህና ነው፣ ደክሞሃል፣ ግባና ተኛ።»

ስንዱን አየኋት፣ ክፍሏ ውስጥ ተኝታ ትተነፍሳለች። ዞር ስል አባቴን በደንብ አየሁት። ነጠላውን ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው አዘቅዝቆ ለብሶ ነበር።