ከአጥሩ ሥር ያለው መላጣ

«ይኸው! ይሄም ደረቀ» አለ አባቷ፣ ቢጫ የሆነውን ሣር በጫማው ጫፍ እየነካካ። «የእነሱ ዛፍ ነው ብዬሻለሁ። ሥሩን በአጥሩ ሥር አሹልኮ ውሃችንን ይመጥጥብናል። እንደገና ተክለሽው እስከ እሑድ ካልያዘ፣ ሄጄ ቁረጡት እላቸዋለሁ።»

ልጅቷ መኮትኮቻዋን አነሳች። ቤተሰቡ «መርማሪ» ነው የሚላት፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ጠይቃ አትጠግብም። አባቷና ጎረቤቱ በዚሁ ዛፍ ቅጠል ከተኳረፉ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች እሳትና ጭድ ሆነዋል። ማዶ ያለችውን ጓደኛዋን፣ ሣቂታን፣ እንዳታናግር ተከልክላለች። አሁን ደግሞ ዛፉ ይቆረጥ ከተባለማ፣ የእርቁ ነገር አበቃ።

ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ይህ ሣር ሙቀት ወዳድ ነው፤ እንደ ሐረግ እየተሳበ ባዶውን ይሸፍናል። ጥቅጥቅ ካለው ቦታ ከነሥሩ እየቆረጠች በየሳሳው ላይ ስትተክል፣ በሩ አጠገብ ያለው ያዘ። ቧንቧው ሥር ያለውም ያዘ። ዛፉ ባዘነበለበት ጥግ እንኳ ጭራውን ዘርግቷል! ታዲያ ዛፉ የቅርቡን ምሮ የሩቁን የሚጠጣው ምን ሆኖ ነው?

ከአጥሩ ሥር፣ መላጣው ላይ ተንበርክካ መኮትኮቻውን ሰካች። ቋ! አለ። አፈሩ እንደ ጡብ ጠጥሯል። አቧራውን በመዳፏ ጠረገች። መላጣው አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን፣ ሞላላ። ልክ የጫማ ቅርጽ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ማዶም ሁለት መላጣ አለ፣ ፊት ለፊት።

«እዚያ ምን ትጎረጉሪያለሽ?»

እናቷ ናት፣ የልብስ ሳፋ ታቅፋ።

«እማዬ፣ ልብስ የምናሰጣው በጓሮ ነው። እዚህ ማን ነው የሚቆመው?»

እናቷ ሳፋውን ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው አዛወረች። ልትቆጣ ፈለገችና ሳቋ አመለጣት።

«አንቺስ ጉደኛ ነሽ! ባሎቻችን ተኳረፉ ብለን እኛ ምላሳችንን እንቁረጠው? የሣቂታ እናት ምን አጠፋች?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአባትሽ ግን... አደራ።»

እሑድ ጠዋት አባቷ ሸሚዙን ቆልፎ ወጣ።

«ያው መላጣ ነው፣ አይደል? በቃ፣ ልሂድ።»

መርማሪ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አየች። እናቷ የሳሙና አረፋ እጇ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች።

«አባዬ፣ ዛፉ አይደለም። አፈሩ ተረግጦ ተረግጦ ነው የጠጠረው። እግር ነው።»

«የማን እግር?»

ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ሣር ከነአፈሩ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወደ አጥሩ ሄደችና በሁለቱ መላጣዎች ላይ እግሮቿን አንድ በአንድ አሳረፈች። ትንሽ ሰፏት።

«ሣቂታ!» ብላ ተጣራች፣ አባቷ እየሰማ። «ነይ፣ እንደ ልማዳችን እዚሁ ቆሜያለሁ!»