በምግብ ዘይት የተያዘ ብረት

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሲቆም ጠጋኟ ቀና ብላ አላየችውም። በአረማመዱ አውቃዋለች።

ከአባቷ በወረሰችው ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪና እየጠገነች እሱ እጇ ላይ የሚወድቅበትን ቀን ስትለምን ከርማለች። ሊያገባት ቃል ገብቶላት ነበር። እናቱ በደንበኞች ፊት «ልጄ ግራሶ የምትሸት ሴት አያገባም» ሲሏት፣ እሱ ሜትሩን እየጠቀለለ ዝም አለ። ስድቡን ትረሳው ይሆናል፤ ዝምታውን ግን አትረሳም።

በጨርቅ የጠቀለለውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የኮትና የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ፣ የስፌት መኪናው እግር ላይ የምትገጠም የድሮ እቃ ናት። የእናቱ ናት፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚሳሱላት።

«አልንቀሳቀስ አለች» አለ። «የሠርግ ኮቶች ቀዳዳ ብቻ ቀርቷቸው ተሰቅለዋል። ከዚህ ቤት በቀር የሚያውቃት የለም።»

«ከሰዓት ና።»

እሱ ሲወጣ እናቷ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ምን ሊሆን መጣ? ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው! ሰበረችብኝ ብሎ ቢከስሽስ? ሱቁን ቢያዘጉብንስ?»

«አልሰብራትም እማዬ። የምግብ ዘይት ነው የማጠጣት።»

እናቷ ደረታቸውን መቱ። የጠጋኝ ሚስት ሆነው ነው ያረጁት፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። የምግብ ዘይት መጀመሪያ ያለሰልሳል፣ ሲሰነብት እንደ ሙጫ ይደርቃል።

«ኮቶቹን ሲያጋምስ ቀጥ ትልበታለች። ያኔ እናቱ ፊት ምን እንደሚል አያለሁ!»

ካቻቢቴዋን አንስታ የእቃዋን የሆድ ክዳን ፈታች። ቢጫ፣ እንደ ማር የሚለጠፍ ነገር የውስጥ ጥርሶቿን ሁሉ ይዟቸዋል። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሸተተችው።

የምግብ ዘይት ነው።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪና አያያዝ የተማረው ከአባቷ ነው። አባቷ ደግሞ ለተማሪው ሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት «መኪና ከወጥ ቤት ጠርሙስ አይጠጣም» የሚለውን ነበር። ሳያውቅ አላደረገውም።

ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈቻት፤ በጥርስ ብሩሽ ፈተገቻት፤ የተቀረቀረውን ክር በመርፌ ለቀመች። ጥርሶቹን ግራሶ ስስ አድርጋ ቀባች፤ መንሸራተቻውን የመኪና ዘይት አስነካች። በንዴት ብትቃጠልም እጇ ክፉ ሥራ አልሠራም አለ። የቀዳዳውን ርዝመት የምትወስነውን ትንሽ ብረት ግን አውጥታ ሽርጧ ኪስ ከተተች። ያለሷ እቃዋ ባዶ ሳጥን ናት።

ልብስ ሰፊው ከሰዓት ሲመለስ ፊት ለፊት ጠየቀችው። «ማነው ያጠጣት?»

«እኔ» አለ።

«ለምን?»

«እማዬ እዚህ ደጃፍ እንዳልደርስ አስምላኛለች። የምትልከኝ ለዚች እቃ ስትል ብቻ ነው። አንቺን ሳላይ መኖር አቃተኝ።»

ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ልቧ ሊሸነፍ ሲል ንዴቷ ቀደመው።

«አሁንም ፈሪ ነህ! ምስኪኗን ብረት አሳመምክ እንጂ አፍህን አልከፈትክም። አንዷ ቁራጭ እኔ ጋ ናት። እናትህን ይዘህ ና። ሰው ፊት ዝም እንዳልክ ሰው ፊት ተናገር። አለዚያ ኮቶቹን በጥርስህ ብሳቸው!»

«አለቀልን» አሉ እናቷ ከጓዳ። «ፖሊስ ይዘው ነው የሚመጡት።»

የልብስ ሰፊው እናት ፖሊስ አልያዙም፤ ድምፃቸው ግን ይበቃ ነበር። «የታለች እቃዬን ያገተች?» አሉ ገና ከመንገዱ። አላፊ አግዳሚው ቆመ። የጎረቤቱ ጫማ ሰፊ መዶሻውን አስቀመጠ።

ልብስ ሰፊውን ላብ አጠመቀው። ወደ ጠጋኟ አየ፤ እሷ ፊቷን አላላላችለትም።

«እማዬ፣ እቃሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ፤ አፍሬበታለሁ። የማገባው ይህችን ነው። ባትፈቅጂም አገባታለሁ።»

«አበድክ?»

«አላበድኩም። ዘገየሁ እንጂ።»

ጠጋኟ አልቸኮለችም። የእናትየው ፊት ሲቀላ፣ ከዚያም ሲገረጣ፣ ጠግባ አየች። ቁራጯን ከኪሷ አወጣች፤ ገጠመቻት፤ እጀታውን አዞረችው። እቃዋ ያለ አንዳች መንገራገጭ ግራ ቀኝ ተመላለሰች። በሁለት እጇ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበችላቸው።

«እንኩ እትዬ፤ እቃዎን ይውሰዱ» አለች። «ልጅዎን ግን አልመልስም።»