በአማና የመጣው ካርድ

«ቀስ በይ! ወርቅ ነው የያዝሽው» አለች ማህደር፣ እጇን ከአፏ ላይ ሳታነሳ።

«ዝም ካልሽልኝ ቀስ እላለሁ» አለች ሙኒያ።

ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ጎኑ የተከፈተውን ኮምፒዩተር አቅፋዋለች። በእጇ የያዘችው ግራፊክስ ካርድ ሦስት ማራገቢያ አለው፤ ክብደቱም የዋዛ አይደለም። ቦታውን ሲያገኝ «ቀጭ» ብሎ ገባ። ሙኒያ አምቃው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ነው። በዚህ ሰዓት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሥራ ላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ተጠግተው ሾፌሮቻቸው የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመዋል። የሙኒያ እናት ቱሪያም በሚቀጥለው ክፍል ተኝታለች። ድሬ እስከ አሥር ሰዓት ትተኛለች። ይህን ስንፍና የሚል እንግዳ ካለ፣ የድሬን ቀትር አንድ ቀን ቆሞ ይሞክረውና ከዚያ ይናገር።

ከሁለት ወር በፊት፣ በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው የሙኒያ አባት ሃያ ሰባት ኢንች ባለ ፎርኬ ሞኒተር ይዞላት መጣ። ሙኒያ በደስታ ልታብድ ደርሳ ነበር። ደስታዋ የቆየው ግን ሞኒተሩን እስክትሰካ ድረስ ነው። ፎርኬ ስክሪን ከተለመደው አራት እጥፍ ፒክስል አለው፤ ያን ሁሉ ፒክስል በየቅጽበቱ የሚቀባው ደግሞ ካርዱ ነው። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ትቶላት በሄደው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ካርድ አርጅቷል። ጨዋታ ስትከፍት ምስሉ እየተንገጫገጨ ይሄድና ይቆማል። እናቷ በበሩ ስታልፍ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅባታለች።

በመጨረሻ አባቷ አዘነላትና የካርድ መግዣ ሰጣት። «ለአንድ ካርድ» አለ፣ አንድ ጣቱን ቀስሮ። «ሁለተኛ የለም። አስበሽ ምረጪ።»

ሙኒያም ይኸው ልትመርጥ ነው። የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጠው ሰማታር የአባቷ የቆየ ወዳጅ ስለሆነ «አዴር» እያለች ነው የምትጠራው፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አንዱ አዲስ ነው፣ ግን ትንሽ። ሌላው ሰው የተጠቀመበት ነው፣ ግን ትልቅ። ዋጋቸው እኩል ነው።

«የቱ ይሻላል፣ አዴር?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! የኔ ስክሪን አሮጌ ነው፣ ሁለቱንም አንድ ያስመስላቸዋል። የኮምፒዩተርሽ ፓወር ሰፕላይ ሁለቱንም ይችላል። ሁለቱንም በአማና ውሰጃቸው። ቤትሽ ሞክሪያቸውና አሥር ሰዓት ስከፍት አንዱን መልሺልኝ።»

ደረሰኝ አልጻፈም፤ ስሟንም አልመዘገበም። አማና ማለት አደራ ነው፤ አማና ካለ አማና ነው። ሙኒያ ሁለቱን ካርዶች በጨርቅ ጠቅልላ፣ የክፍሏን ልጅ ማህደርን አስከትላ መጣች።

ትንሹን ቀድመው ሞክረውታል። ምስሉን መካከለኛ ላይ ሲያደርጉት ይበርራል፤ ወደ ፎርኬ ከፍ ሲያደርጉት ግን ያዘግማል። «እንደ ሂሳብ መምህራችን ነው፤ ያውቃል፣ ግን ነገ ነው የሚደርሰው» ብላ ማህደር ፈርዳበታለች።

አሁን ተራው የትልቁ ነው። ሙኒያ ኮምፒዩተሩን አብርታ ጨዋታውን ከፈተችና የምስሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ጨመረችው።

ባሕር መጣ።

ጨዋታው በጀልባ ከደሴት ደሴት የሚሄዱበት ነው። ሙኒያ መቶ ጊዜ ተጫውታዋለች፤ ባሕሩን ግን አይታው አታውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ሰማያዊ ምንጣፍ የሚመስለው ነገር ውስጡ ብርሃን አለው፣ ከብርሃኑ ሥር ደግሞ ዓሦች ያልፋሉ። የጀልባው እንጨት ላይ የቢላ ጭረት አየች። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ጀመረ፤ እያንዳንዷ ጠብታ ለብቻዋ ወርዳ፣ ውሃው ላይ የራሷን ትንሽ ክብ ሠርታ ትጠፋለች። ድሬ ላይ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጎርፍ ይመጣል ብሎ ዓይኑን ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወረውራል። ይህኛው ዝናብ ግን ማንንም አያስፈራም፤ ይዘንባል፣ ይዘንባል፣ አያባራም።

«ዋይ፣ ሙኒያ…» አለች ማህደር በሹክሹክታ።

ካርዱ ሞቀ። ክፍሉም ያው ነው። ሙኒያ በድሬ ቤት ሁሉ እንደሚደረገው የእናቷን ሽርጥ ውሃ ነክራ፣ ጨመቅ አድርጋ፣ ፋኑ ፊት ሰቀለችው። ቀዝቃዛው ንፋስ ለካርዱም እንዲደርሰው ብላ ፋኑን ወደተከፈተው ኮምፒዩተር አዞረችው። አሪፍ ሐሳብ መስሏት ነበር።

ማህደር ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሙኒያ ጀልባዋን ዝናቡ መሀል አቁማ አገጯን ክንዷ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ከደን ከፈት ይላል። ከስክሪኑ ወዲህና ወዲያ ያለው ነገር ቀስ በቀስ ተቀላቀለባት። ግድግዳው ውሃ ሆነ፣ ወንበሯ ተንሳፈፈ። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ጉንጯ ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ ሲያርፍ እንኳ አልገረማትም። «ዘነበብኝ» ብላ ፈገግ አለች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም።

ሌላ ጠብታ ክንዷ ላይ አረፈ። ከዚያ «ጠሽ» የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማና ባሕሩ ድርግም አለ።

ሙኒያ ክው ብላ ቀና አለች። ፋኑ ይዞራል፤ ስለዚህ መብራት አልሄደም። ከሽርጡ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ፋኑም እያነሳ ወደ ኮምፒዩተሩ ይረጨዋል። ካርዱ ላይ ሁለት ጠብታ ተኝቷል።

«ማህደር! ተነሽ፣ አለቀልኝ!»

ሶኬቱን ነቀሉ፣ ካርዱን አወጡ፣ በጥጥ ጠርገው አንድ ሰዓት ያህል አደረቁት። መልሰው ሲያስገቡት ሠራ። ማህደር፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያለባት የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ዘለለች። ሙኒያ ግን ጥራቱን ወደ ፎርኬ ከፍ ስታደርገው ባሕሩ ላይ የአተር ክክ የተደፋበት ይመስል አረንጓዴ ነጠብጣብ ተበተነ። ዝቅ አደረገችው፤ ጠራ። ከፍ አደረገችው፤ ነጠብጣቡ ተመልሶ መጣ። ትንሹን ካርድ ሰክታ ሞከረች፤ እሱ ቀርፋፋ ነው እንጂ ነጠብጣብ የለበትም። ትልቁን መልሳ ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኳ ጮኸ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሰላም ነው? መረጥሽ?» የሰማታር ድምፅ ገና ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ድምፅ ነው።

«አዴር፣ ትልቁ… መሀል ላይ ጠፋብኝ። ውሃ…» የመጨረሻዋን ቃል ራሷም በቅጡ አልሰማቻትም።

«መብራቱ ነው ባክሽ! ዛሬ እኛም ጋ ሁለቴ ሄዷል። አብሽሪ! አምጪው፣ እኔው እሞክረዋለሁ፣ ከሠራ ሠራ ነው። ስሚ፣ ገዲ የሚባል ልጅ ከዋሂል መጥቷል፣ የሠርግ ቪዲዮ ነው የሚሠራው። ትልቁን ካልፈለግሽው እሱ ይወስደዋል። ቶሎ በይ እሺ?»

ስልኩ ተዘጋ። ማህደር እጆቿን አጨበጨበች። «በቃ! ነግረሽዋል። ትንሹን ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

«ነጠብጣቡ የሱ ስክሪን ላይ እኮ አይታይም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የስክሪኑ ነዋ!»

«የገዲስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምናልባት የገዲም ትንሽ ይሆናል።» ማህደር ወደ እሷ ተጠጋችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ሙኒያ፣ አስቢው አቦ። ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ካርዱ ያንቺ ነው። አባትሽ ሁለተኛ አልገዛም ብሏል። በነጠብጣብ ልትጫወቺ ነው?»

ሙኒያ ካርዱን ከኮምፒዩተሩ አወጣችው። ማህደር ክፉ አይደለችም፤ እውነቷን ነው። ትልቁን መልሳ ትንሹን ብትወስድ ማንም አያውቅም። ቀስ ብሎም ቢሆን ዝናቡን ታየዋለች። ብትናገር ግን የአባቷ ገንዘብ በተበላሸ ካርድ ይቀራል፤ ያ ባሕር ደግሞ እንዳማራት ይቀራል። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ፤ ለካርድ ማልቀሷ ደግሞ አሳፈራት።

ዓይኗን ጨፈነች። የቅድሙ ሕልም ተመልሶ የሚመጣ መስሏት ነበር፤ የመጣችው ግን አንዲት የዋሂል ሙሽራ ናት። ሂናዋ ደምቋል፣ እናቷ አጠገቧ ቆማ እልል ትላለች፣ ሙሽራዋ ካሜራውን አይታ ትስቃለች። ፊቷ ላይ አረንጓዴ ክክ ተበትኖባታል። ገዲም ስክሪኑን በእጅጌው እየጠረገ «ምን ነካው?» ይላል። ሙኒያ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ።

ተነሳችና የሞኒተሩን ገመድ ነቀለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ማህደር።

«ብርድ ልብሱን አቀብይኝ።»

«ስክሪኑን በባጃጅ? ቢሰበርስ?»

«አቅፈዋለሁ» አለች ሙኒያ። ማህደር ትንሽ አየቻትና ብርድ ልብሱን አመጣች። ካርዶቹን የያዘችውም እሷ ናት።

ከሰማታር ሱቅ ሲደርሱ ገዲ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ ላይ የመንገድ አቧራ አለ። ሰማታር ሙኒያ ያቀፈችውን ጥቅል አይቶ «ቤት ልትቀይሩ ነው?» ብሎ ቀለደና መልስ ሳይጠብቅ ትልቁን ካርድ ከማህደር ተቀብሎ የሱቁ ኮምፒዩተር ውስጥ ሰካው። አሮጌዋ ስክሪን በራች። የመሞከሪያው ፕሮግራም ላይ የምትሄደው መኪና ያለ እንከን ሮጠች። ነጠብጣብ የሚባል ነገር የለም።

«አላልኩሽም? መብራት ነው!» አለ ሰማታር። «ገዲ፣ ዕድለኛ ነህ።»

ገዲ ፊቱ በራ። «ወላሂ ሁለት ወር ነው የፈለግኩት» አለና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ማህደር የሙኒያን እጅጌ ያዘች። እንድትናገር ይሁን ዝም እንድትል፣ ራሷም የምታውቅ አትመስልም።

«አዴር» አለች ሙኒያ። «ቅድም በስልክ ውሃ ብዬህ ነበር፤ አልሰማኸኝም። ሽርጥ ፋን ፊት ሰቅዬ ካርዱ ላይ ተንጠባጠበበት።»

«ይኸው ይሠራል እኮ፣ አባዮ።»

«እዚህኛው ላይ ነው የሚሠራው። ገመዱን ንቀልልኝ።»

ገዲ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሰማታር ሙኒያን ትክ ብሎ አያትና የአሮጌዋን ስክሪን ገመድ ነቅሎ አቀበላት። ሙኒያ ብርድ ልብሱን ፈታ ሞኒተሩን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤ ገመዱንም ሰካች። ምስሉ ሲመጣ ገና ጥርት ያለ ነበር። ማውሱን ያዘችና ጥራቱን እስከ መጨረሻው ጨመረችው። መኪናዋ ላይ አረንጓዴ ክክ ተበተነ።