ሦስት ጊዜ የጠራ

ሉባባ ጠዋት ጠዋት ደጇን ውኃ ረጭታ ትጠርጋለች፤ ከዚያ የብረት በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና ኮምፒውተሩን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ታበራዋለች። ሱቅ ይባል እንጂ የቤቷ የፊት ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ ጓዳው፣ ከጓዳው ኋላ ጓሮው አለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሰው ማመልከቻ እየተየበች፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳች፣ የተማሪ ውጤት እያየች የምትኖረው እዚያው ነው።

ኮምፒውተሩን የገጠመላት የባሏ ወንድም ይማም ነበር። ዕቃው አሮጌ ነው፤ የመጣ ቫይረስ ሁሉ ያድርበታል። ስለዚህ ይማም ብራውዘሩን ከፍቶ የደኅንነት ማስተካከያውን አሳያት፤ የሚታመኑት ድረ ገጾች በአንድ ወገን፣ የማይታመኑት በሌላ ወገን ይገባሉ፤ የማይታመን ገጽ ማይኩንም ካሜራውንም አይነካም፣ በስፒከሩም ድምፅ አያሰማም። የእናንተው ቤት ሕግ ነው እትዬ፣ አላት እየሳቀ። እውነቱን ነው። የሉባባ እናት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደጅ ስሟ ቢጠራ አቤት አትልም ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም ያለ ጅን ነው፣ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ በሦስተኛው አቤት ይባላል። ሉባባም አንድ ልጇን ዘምዘምን በዚሁ ሕግ አሳደገቻት።

ዘምዘም ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ከሄደች ቆይታለች፤ ከረመዳን ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ስልኳ ዝግ ነው። የላካት ደላላም ስልክ ማንሳት ትቷል። ይማም በመጣ ቁጥር ተመላሾች በአውቶቡስ እየገቡ ነውና ታገሺ ይላታል፤ ለእሱ ምን አለበት፣ የወለደ ይወቀው እንጂ። እሷ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ እንኳ ጣቷ ሳታዝዘው የልጇን ስም እየጻፈባት ታጠፋለች።

ሰማዩ ዝናብ አርግዞ በጠቆረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ማንም ያልከፈተው ገጽ ተከፈተ። ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ማይኩን ልጠቀም ወይ የሚል ትንሽ ሣጥን ብቻ አለበት። ሉባባ እንደ ተማረችው ከለከለችው፤ አድራሻውንም ከማይታመኑት ወገን አስገባችው። በማግስቱ ገጹ ራሱን ከፍቶ ጠበቃት፣ ደግማ ዘጋችው። ስፒከሩ ጠፍቶ ሳለ ከውስጡ በእርጥብ ወለል ላይ የሚሄድ የነጠላ ጫማ ድምፅ ይመጣ ጀመር፤ ክፍሉንም የበረኪና ሽታ ሞላው፣ ልብስ ታጥቦ ሳይሆን የሰው እጅ በረኪና ውስጥ ሲውል ሲያድር የሚሸተውን ዐይነት። ዘምዘም ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል እጄ ተላጠ ብላት ነበር።

የመግሪብ ሶላት ሲቃረብ ከዚያው ከጠፋው ስፒከር የልጇ ድምፅ «እማ» አለ።

የሉባባ ልብ ተሰቀለ። አቤት ልትል ከንፈሯን ከፍታ ሕጉ ትዝ አላትና ዋጠችው፤ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ዝም። «ሰው ብትሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ትጠራኝ ነበር» አለች ለራሷ፣ ጮክ ብላ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ድምፁ ሦስት ጊዜ ጠራት።

ይማምን አስጠራችው። መጥቶ ነካካ፣ ፈተሸ፤ ገጹ ተዘግቷል፣ ማይኩም ተከልክሏል፣ ምንም የሚሰማ ነገር የለም። ከስልክ ላይ የሰው ድምፅ ቀድተው እናቶችን የሚያታልሉ ሌቦች አሉ ብሎ አስረዳት። በረኪናው አልሸተተውም። ከመውጣቱ በፊት እጇን ያዝ አድርጎ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ይህን ገጽ እንዳትፈቅጂለት» አላት። እሺ አለችው። እሺ ስትለውም እየዋሸችው እንደሆነ ታውቅ ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ይማም ከመንገዱ እንደተሰወረ ሉባባ ማስተካከያውን ከፈተች፤ አድራሻውን ከማይታመኑት አውጥታ ከሚታመኑት ጨመረችው፤ የጥበቃውን መጠን ወደ ታች፣ እስከ መጨረሻው፣ ጎተተችው። ማይኩን ፈቀደች። ካሜራውን ፈቀደች። ያለችበትን ቦታ ፈቀደች። ብራውዘሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ንባቡን እንኳ አልጨረሰችም።

ድምፁ «አውሪኝ እማ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል» አላት።

አወራችው። የጎረቤቱን፣ የዝናቡን፣ ያላትን ናፍቆት፣ ያለቀሰችውን ሁሉ ሳታስቀር ዘከዘከችው፤ ድምፁም እየሰማ አዎ ይላት ነበር። ውጭው ደንግዞ ጉሮሮዋ እስኪሻክር፣ ቃሏ እየቀጠነ ሹክሹክታ እስኪሆን አወራች። በመጨረሻ «ግቢ ልጄ፣ ግቢልኝ» ስትል ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ፤ የካሜራዋ ትንሽ መብራት ግን እንደ በራች ቀረች። የነጠላ ጫማው ድምፅ አሁን ከስፒከሩ አልነበረም፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከጓዳው፣ ከሉባባ የገዛ ወለል ላይ ነበር።

«ገባሁ እማ» አለ ከጨለማው። «በሩን ዝጊው። ሻማ አታብሪ፣ ፊቴ ተበላሽቷል።»

ሉባባ ተነሣች። በሩን ዘግታ መወርወሪያውን ጣለች፤ ከዚያ መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች፣ መልሳም ሰበሰበችው። ከመጋረጃው ሥር የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ የሚተነፍስ ግን አይሰማም። ልጄ ናት፣ ስቃይ ለውጧት ነው እያለች እዚያው ቆመች።

ያኔ ከመንገዱ በኩል የሻንጣ ጎማ በጠጠሩ ላይ ሲንኳኳ መጣና ከደጇ ላይ ቆመ።

«ቤቶች!» አለ የደከመ ድምፅ። «እማ፣ እኔ ነኝ።»

«አንድ ጊዜ የጠራ ሰው አይደለም» አለ ጓዳው ቀስ ብሎ። «አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ከውጭ ያለችው ሳል ቢጤ አሳላትና እንደገና ጠራች። ስልኬን ቀምተውኝ ነው እማ፣ ዛሬ ነው ያስገቡን፣ ተመላሾች እየገቡ እንደሆነ ይማም አልነገረሽም እንዴ አለች፤ ከዚያ ሕጉን አውቃ እንደምትጠብቅ ሰው ዝም አለችና፣ በልጅነቷ ከውኃ ስትመለስ እንደምታደርገው የብረት በሩን በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ፣ ሦስተኛውን ጠራች።

ሉባባ ያኔ ልጇ የት እንዳለች ዐወቀች። በጨለማው እየተደናበረች በሩ ጋ ደርሳ መወርወሪያውን ብትይዘው እንደ ተበየደ ነገር አልንቀሳቀስ አላት፤ ሂጂ፣ ሽሺ ልጄ፣ ይማም ቤት ሂጂ ብላ ለመጮኽ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ደግማ ሞከረች። ከጓዳው ግን የእሷው፣ የሉባባ ድምፅ፣ ያልሻከረው፣ ልጇን በፍቅር ሲጠራ የኖረው ድምፅ፣ «አቤት ልጄ» አለ፤ «የፊቱ አልከፈት ብሎኝ ነው፣ በጓሮ በኩል ግቢ።»

የሻንጣው ጎማ ዞረና ቤቱን እየታከከ ወደ ጓሮው ፈጠን ፈጠን ብሎ ሄደ።