ገመድ የሌለው ሸክም

መሐንዲስ ዳግማዊ ሞቶ የተገኘው «ካልፈረሰ» እያለ ሲሟገትበት በከረመው ደረጃ ሥር ነበር። በፊቱ ተደፍቷል፤ አንገቱ ከቦታው ዞሯል፤ አጠገቡ ግማሽ ጆንያ ድንች ወድቋል። ከበላዩ፣ አወቱ መንደራ ገበያ ፊት ያለውን አስፋልት ተሻግሮ የተዘረጋው አዲሱ የእግረኛ ድልድይ፣ ባንዲራና ፊኛ ተንጠልጥሎበት የነገውን ምርቃት ይጠብቃል።

ኢንስፔክተር ሸዋረገጥ ገና ከመኪና ሳትወርድ አለቃዋ ደወሉ።

«ወይ አደጋ ነው፣ ወይ ሴትዮዋ ናት» አሉ ኮማንደሩ። «ከሁለቱ አንዱን እስከ ማታ ጨርሺልኝ። ነገ እንግዶች አሉብን።»

«እየመረጥኩ ልመርምር ማለት ነው?»

«ሸዋረገጥ፣ ደግሞ ጀመርሽ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሸዋረገጥ ማዕረጓ በምላሷ ምክንያት ባለበት የቀረ ፖሊስ ናት። ቀና ብላ ፊኛዎቹን አየች። ይህች ከተማ ድልድይ የምትሠራው ለሚመርቀው ሰው ነው፤ የሚሄድበት ሰው ትዝ የሚላት ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው ብላ አሰበች፤ ደሟም ከጠዋቱ ፈላ።

«ሴትዮዋ» የተባለችው ኢፍቱ ናት፤ በገበያው ጫፍ ድንችና ቲማቲም ትሸጣለች። ጎህ ሲቀድ ሬሳውን አይታ ጮኻ ሰው የጠራችው ራሷ ነበረች። ጆንያው የእሷ መሆኑ ሲታወቅና ባለፈው ሰሞን ሰው በተሰበሰበበት «ይሄ ደረጃ ሰው ይገድላል፤ በአንተ ይጀምር!» ብላ ዳግማዊን መርገሟን የሚያስታውስ ሲገኝ፣ እጇን ይዘው ጣቢያ ወሰዷት። ያላራገፈችው ቲማቲም መንገድ ዳር ቀረ።

ሸዋረገጥ የሚያማትን ጉልበቷን እየረገመች ተንበረከከች። የሟቹ ጃኬት በጀርባው በኩል ብስብስ ብሏል። ረዳቷ ሳጅን ኢዮስያስ ከአስከሬን አንሺዎቹ ጋር ቀና ሲያደርገው ግን ከደረቱ ሥር ያለው ቀይ አፈር ደረቅ አቧራ ነበር። ወደ ጆንያው ዞረች። ከላይ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ገለበጠችው፤ ሥሩ ጭቃ ነው።

«ትናንት ዝናቡ መቼ ጣለ?»

«ሠራተኛ ሊወጣ ሲል ጀመረ፤ አመሻሹ ላይ አባራ። እኔማ ካልሲዬ እስካሁን አልደረቀም። ከትናንት ጀምሮ መብራት የለ፣ ካውያ የለ...»

«ካልሲህን ተወውና ያችን በር ክፈትልኝ።»

ከደረጃው ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ መጋዘን ቁልፍ የላትም። አካፋና ባሬላ ይቀመጥባታል። ወለሉ ላይ ጆንያ የነበረበት ቦታ አንድ ድንች ቀርቷል። ከበላዩ፣ ምስማር ላይ፣ በወጉ የተጠቀለለ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሸዋረገጥ ገመዱን አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኢፍቱ ጣቢያ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሸዋረገጥን ስታይ ተነሣች።

«አዴ፣ ወላሂ አልገደልኩትም።»

«ረግመሽዋል።»

«ኤዬ፣ ረግሜዋለሁ! ደረጃውን እሱ ያሰበው መስሎኝ ነዋ። ኋላ መጥቶ እኔ የሣልኩት ራምፕ ነበር፣ ሰረዙብኝ አለኝ።» ራምፕ ያለችው ያለ ደረጃ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚያዘግም መንገድ ነው። «በምርቃቱ ቀን ትልልቆቹ ሰዎች ፊት ሸክም ይዤ እወጣለሁ፤ መካከል ላይ ስቆም ያኔ ያዩታል አለ። ጆንያና ገመድ አዋሽኝ አለኝ፤ አዋስኩት። ሲለማመድ ገበያው ሁሉ ሳቀበት። እኔም ስቄበታለሁ፤ አላህ ይማረኝ።» ከዚያ፣ «ማሎ፣ ገመዴስ?» አለች።

«እኔ ጋ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። ቲማቲሜስ?»

ሸዋረገጥ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

የግንባታው መሐንዲስ ፍሬዘር ድልድዩ ላይ ፊኛ ሲያስተካክል ተገኘ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጀለሴ ነበር» አለ። «ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነው የኖርነው።»

«ትናንት ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«ሁሌም ነው የምንጨቃጨቀው። እሱ 'ደረጃውን አፍርሰው' ይለኛል። እኔ ደረጃውን ባፈርስ፣ ኮንትራክተሩ እኔን ያፈርሰኛል።»

«ሸክሙን ይዞ ሲወጣ አይተኸዋል?»

«ስንቴ! እንደ እናቶቹ አዝሎ፣ ወገቡን ሰብሮ። መካከል ላይ ይቆምና 'ፍሬዝ፣ የምትወድቀው እዚህ ጋ ነው' ይለኛል። እኔ ደግሞ በስልኬ እየቀረጽኩ እቀልድበታለሁ። በቃ፣ እንደዚህ ነበርን።»

«ኃላፊው አቶ ሣህሉስ? እሳቸውም ሲያዩት ነበር?»

ፍሬዘር ከንፈሩን አጣመመ። «ጋሼ ሣህሉ ከመኪና ሲወርዱ ካዩ እርስዎ የመጀመሪያው ሰው ነዎት። መስኮቱን ዝቅ አድርገው 'እንዴት ነው?' ይላሉ፤ 'ጥሩ ነው' እንላለን፤ ይሄዳሉ።»

ድልድዩ በአንድ ጎኑ የሚያርፈው የወይዘሮ ቆንጂት ሕንፃ ፊት ነው። ወይዘሮ ቆንጂት ከጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው መስኮት ሁሉን ያያሉ።

«ራምፑ ቢሠራ ኖሮ የሱቄን በር ይከልለው ነበር» አሉ ሳይጠየቁ። «እንዲቀር ለምኛለሁ፤ አልዋሽሽም እህቴ። መለመን ወንጀል ነው?»

«ማንን ነው የለመኑት?»

«አቶ ሣህሉን ነዋ! ልጁማ አይለመንም፤ ድንጋይ ነበር።»

«ሲሸከም ያዩት ነበር?»

ወይዘሮ ቆንጂት ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ወንድ ልጅ ገመድ ደረቱ ላይ አስሮ! እኔ በልጅነቴ ሊሙ ውስጥ እንጨት የተሸከምኩት እንደዚያ ነው። እሱን ሳይ የራሴ ደረት ታመመ። መጋረጃውን ዘጋሁት።»

ሸዋረገጥ መጋረጃውን አየች፤ ወፍራምና ውድ ነው። የዚህ አገር ሰው አንድ ፎቅ ከወጣ መጀመሪያ የሚገዛው መጋረጃ ነው፤ የተገላገለው ሸክም እንዳይታየው።

አቶ ሣህሉ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ናቸው፤ ዳግማዊን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትም እሳቸው ነበሩ። ከወንበራቸው ጀርባ የድልድዩ ንድፍ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ግርጌው ላይ በትልቁ የተጻፈው የእሳቸው ስም ብቻ ነው። ውጭ ጄኔሬተር ያጓራል። አቶ ሣህሉ በነጭ ሸሚዝና በግራጫ የሱፍ ሱሪ፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጡ ተነሥተው ተቀበሏት። መስቀያው ላይ ኮት የለም።

«ልጄ ነበር» አሉ፤ እንባቸውም እውነተኛ ነበር።

«ራምፑን ለምን አስቀሩት?»

«ውበቱን ያበላሸዋል። ከተማ ውበት ያስፈልገዋል፣ ኢንስፔክተር። ሁሉን ነገር በጆንያ መለካት አይቻልም።»

«በጆንያ ሲለካ አይተውት ነበር?»

«ስንት ጊዜ! እንደ ወዛደር ትከሻው ላይ ጭኖ ይወጣ ነበር። 'ተው ልጄ፣ ትወድቃለህ' ብዬዋለሁ። ያልኩት ደረሰ።»

«ብርድ ላይ ነዎት። ኮት የለዎትም?»

«ለነገ እንዲታጠብ ዛሬ ጠዋት ላውንደሪ ሰጥቼው ነው።»

ሸዋረገጥ ስትወጣ ኢዮስያስን በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ካልሲውን ረስቶ በባጃጅ ፈተለከ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። አቶ ሣህሉ ነጠላ ደርበው መጥተዋል። ወይዘሮ ቆንጂት ዣንጥላ ይዘዋል። ፍሬዘር ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ኢፍቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ደረቁና ጭቃው ተፈትሾ ያለቀለት ጆንያ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«በአጭሩ» አሉ ኮማንደሩ።

«በአጭሩ፣ አደጋ አይደለም» አለች ሸዋረገጥ። «ዳግማዊ ጀርባው በስብሶ ሥሩ ደረቅ ነበር። ስለዚህ የወደቀው ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጆንያው ደግሞ በተቃራኒው ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ጭቃ ነበር። እዚህ የደረሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው ማለት ነው። ታዲያ የሞተው ሰውዬ ዝናቡን አሳልፎ፣ ተነሥቶ፣ መጋዘን ገብቶ ጆንያ አምጥቶ ተመልሶ ሞተ?»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

«ስለዚህ ሌላ ሰው አመጣው» አሉ ኮማንደሩ። «ጆንያው የእሷ ነው። እሷ ናት ማለት ነው።»

«እሱን አሁን እናያለን። አቶ ሣህሉ፣ እርስዎ ሲሸከም ደጋግመው አይተውታል። ለኮማንደሩ ያሳዩልኝ፤ ሳጅኑን ልክ እንደ ዳግማዊ አድርገው ይጫኑት።»

አቶ ሣህሉ አመነቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆንያውን አነሡና ኢዮስያስ ቀኝ ትከሻ ላይ ጫኑት።

«ምን?» ፍሬዘር ከተቀመጠበት ተነሣ። «ኧረ እንደዚያ አይደለም፣ ጋሼ!»

«ውይ አቶ ሣህሉ» አሉ ወይዘሮ ቆንጂት። ኢፍቱ ግን ሰውየውን ትክ ብላ አየቻቸው።

ሸዋረገጥ ገመዱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ዳግማዊ የወዛደር ሸክም ተሸክሞ አያውቅም። የለካው ሴቶቹ የሚሸከሙትን ነው፤ ጆንያው ጀርባ ላይ፣ ገመዱ ደረት ላይ። ይህን ፍሬዘር በስልኩ ቀርጾታል። ወይዘሮ ቆንጂት አይተው መጋረጃ ዘግተዋል። ኢፍቱ ገመዱን አውሳዋለች። ከሦስቱ አንዱ ሬሳው አጠገብ ሸክም ማስቀመጥ ቢፈልግ ገመዱን አይተወውም ነበር፤ ገመዱ ከጆንያው በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። የተወው ሰው ገመዱ ለምን እንደሆነ የማያውቅ ነው። ይህ ሰው ዳግማዊ በሸክም እንደሚለማመድ ሰምቷል፤ ግን አንድም ቀን ከመኪናው ወርዶ አላየም።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ለእነዚህ ሴቶች ድልድይ ሠርቶ፣ ሴቶቹ ምን ይዘው እንደሚያልፉ አያውቅም!»

«ሽማግሌ ተሳሳቱ ተብሎ ሰው ይከሰሳል እንዴ?» አሉ ኮማንደሩ፤ ድምፃቸው ግን ላልቷል።

«አይከሰሱም። ኢዮስያስ፣ አምጣው።»

ኢዮስያስ ጆንያውን አውርዶ ከመኪናው በላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ኮት ይዞ መጣ።

«መብራት ስለሌለ ላውንደሪው አላጠበውም» አለ። «እንደ መጣ ነው ያለው።»

ሸዋረገጥ ኮቱን ዘረጋችው። ገና እርጥብ ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ የጆንያ ቃጫና የድንች አፈር ከሱፉ ጋር ተጣብቋል። «በዝናብ የራሰ ሱፍ የነካውን አይለቅም። አቶ ሣህሉ ጆንያውን ከመጋዘኑ ያወጡት ራሳቸው በሚያውቁት መንገድ ነው፤ እንደ ወዛደር፣ ትከሻቸው ላይ። የዚህች ከተማ መብራት መጥፋት ለእውነት ሲጠቅም ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

አቶ ሣህሉ ደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ።

«መጥተው ይዩት ብሎ ለመነኝ» አሉ። «እሺ አልኩት፤ ወጣን። መካከል ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ቆምኩ። እሱ ዞሮ አየኝና... 'ጋሼ፣ ያለ ሸክም እኮ ነው የወጡት' አለኝ። አልሰደበኝም። እያዘነልኝ ነበር። ተማሪዬ፣ በራሴ ደረጃ ላይ፣ እያዘነልኝ!» እጃቸውን አዩት። «ገፋሁት። ገበያው ዳመናውን ሸሽቶ ተበትኖ ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ እስክወርድ አበሰበሰኝ። አልፌው ሄጄ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ተነሥቶ ይመጣል እያልኩ ጠበቅሁ።»

«ወርደው አላዩትም?» አለ ፍሬዘር።

አቶ ሣህሉ አንገታቸውን ደፉ። ፍሬዘር ፊቱን አዞረ።

ፖሊሶቹ ኢፍቱን ለቀው አቶ ሣህሉን ያዙ። ኢፍቱ እጇን እያሻሸች ወደ ሸዋረገጥ ቀረበች።

«አዴ፣ እሱ ከታሰረ ደረጃው ይፈርሳል?»

«አይፈርስም።»

«ገመዴንስ ይሰጡኛል?»

«ፍርድ ቤት ይፈልገዋል። ማስረጃ ነው።»

«ሰውየው ሞተ፣ ቲማቲሜ በሰበሰ፣ ገመዴ ታሰረ፤ ደረጃው ብቻ ተረፈ» አለች ኢፍቱ። ሄደችም።

ምርቃቱ አልቀረም፤ ትንሽ ቆየ እንጂ። የአቶ ሣህሉ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ተነቅሎ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። ሪባን ተቆረጠ፤ እንግዶቹ ባዶ እጃቸውን እየሣቁ ወጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ወረዱ። ስለ ዳግማዊ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ስለ ራምፑ የተነፈሰ አልነበረም።

ሸዋረገጥ ከዳር ቆማ ነበር። እንግዶቹ ሲበተኑ ኢፍቱ በአዲስ ገመድ ሙሉ ጆንያ አዝላ፣ ወገቧን ሰብራ መጣች። ደረጃው ሥር ቆመች። ቀና ብላ እስከ ላይ አየችው። ከዚያ ዞራ ወደ አስፋልቱ ሄደች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏት።

ሸዋረገጥ ጉልበቷን እየጎተተች መንገዱ መሃል ገባችና እጇን ዘረጋች። ባጃጆቹ ፍሬን ያዙ። አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ጮኸ።

«እናት፣ ድልድይ ተሠርቶላቸው የለም እንዴ?»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ከድልድዩ ጥላ ሥር አለፉ። የመጨረሻዋ እስክትሻገር ሸዋረገጥ እጇን አላወረደችም።